ኔልሰን «ሻምበል» ነበር?

አንድ አንባቢ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖችን ታሪክ እየተረጎሙ ነው። «ኔልሰን በ20 ዓመቱ ካፒቴን ሆነ ይላል፤ ሻምበል ብዬ ብጽፍ እሳሳታለሁ? አድሚራልንስ ምን ልበለው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አዎ፣ ይሳሳታሉ። «መዝገበ ቃላቱ ካፒቴን ሻምበል ነው ካለ አለቀ» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የባሕር ኃይሉ ካፒቴን ዛሬ የምድር ጦሩ ኮሎኔል እኩያ ነው፤ ከሻምበል ሦስት ደረጃ ይበልጣል። በኔልሰን ዘመን ደግሞ ካፒቴኑ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ከሌተናል ኮሎኔል ጋር ይቆጠር ነበር። ሮያል ማሪንስ የሚባሉት የባሕር እግረኞች ግን፣ እዚያው ባሕር ኃይል ውስጥ ሆነው፣ ማዕረጋቸው የምድር ጦሩን ይከተላል። የእነሱ ካፒቴን በትክክል ሻምበል ነው።

ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1779 ካፒቴን ሆነ። በ1795 የማሪን ኮሎኔል የሚል የክብር ሹመት ተጨመረለት። ሻምበል ካሉት አንባቢው ያን ጊዜ ሦስት ማዕረግ የዘለለ ይመስለዋል። አልዘለለም፤ እንደ ካፒቴን መርከቡን ማዘዙን ቀጠለ። ደግሞም ሻምበል «ሺ» እና «አምበል» ነው፤ እንደ ሻለቃ ሁሉ ቃሉ ራሱ እግረኛ ነው። መርከብ ላይ ምን ያደርጋል?

አድሚራል የመጣው ከዐረብኛው «አሚር» ነው፤ አዛዥ ማለት ነው። አውሮፓውያን «አሚር አል» («የ… አዛዥ») የሚለውን ይዘው ተከታዩን ቃል ጣሉት። «ድ» በኋላ የገባች ናት። አሚርን የሐረርን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ሥሩ በግእዝም አለ፦ አመረ፣ አመለከተ ማለት ነው። ተአምርም ትእምርትም ከዚያ ይወጣሉ። ስለዚህ ትእምርተ ጥቅስ የአድሚራል ዘመድ ናት። ለጥያቄው ይህን ያህል መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም።

ለእኔ ቢተው «የባሕር አለቃ» ብል እመርጣለሁ። ለጆሮም ይጥማል። ግን የራሳችን ባሕር ኃይል የአፄ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታን ሪር አድሚራል ብሎ ጠርቷል። ቃሉ ከገባ ቆይቷል፤ እያመመኝም ቢሆን አድሚራል ይበሉ።

ካፒቴንን ግን ብቻውን አይተዉት። ዛሬ ካፒቴን ሲባል ሰው የሚያስበው አብራሪ ነው። መጀመሪያ ሲጠሩት «የባሕር ኃይል ካፒቴን» ይበሉ፣ ሻምበልን ለማሪኑ ይተዉት። «ካፕቴን» ብሎ መጻፍም እየተለመደ መጥቷል። እኔ እስካሁን «ፒ»ዋን አለቀቅኩም።