የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሸራ መርከብ የሄዱትን አያት በድሮ ጋዜጣ መፈለግ

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ምንጅላት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወርቅ ፍለጋ ከእንግሊዝ ተነሥተው በሸራ መርከብ ሜልበርን እንደገቡ በቤተሰቡ ይነገራል። መርከቡ የትኛው እንደነበረ የሚያውቅ ግን የለም። የቤተሰቡ ስም በጣም የተለመደ በመሆኑ በድሮ ጋዜጦች ውስጥ ደጋግሜ ብፈልግም የመጡበትን ቀን የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ስማቸውን ያጡት ጋዜጣው መጀመሪያውኑ ስላልጻፈው ሊሆን ይችላል። የዚያ ዘመን ጋዜጦች በመርከቦች ዜና አምዳቸው የመርከቡን ስም፣ የካፒቴኑን ስም፣ የተነሣበትን ወደብና ቀን ካሰፈሩ በኋላ በካቢን የተጓዙትን በስም ይዘረዝራሉ፤ በታችኛው ክፍል ተፋፍገው የመጡትን ብዙዎቹን ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ብቻ ያልፏቸዋል። ሦስት ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ባሕር ላይ የከረመ ሰው በአንድ አኃዝ ውስጥ ተጠቃልሎ መቅረቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ ፍለጋዎን ከሞታቸው ይጀምሩ። ቀደምት ሰፋሪዎች ሲያርፉ በኖሩበት አካባቢ ጋዜጣ ይወጣ የነበረው አጭር የሕይወት ታሪክ በየትኛው ዓመትና በየትኛው መርከብ እንደመጡ ብዙ ጊዜ ይጠቅሳል። ትሮቭ የተባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እነዚህን ጋዜጦች በነፃ ያስነብባል። ጽሑፉን ያነበበው ኮምፒውተር በመሆኑ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይፈልጉ፤ ተጠጋግተው የታተሙትን የእንግሊዝኛ «አር» እና «ኤን» አንድ ላይ «ኤም» አድርጎ የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመርከቡን ስም ካገኙ በኋላ ከ1846 እስከ 1957 በሜልበርን ይታተም ወደነበረው «ዘ አርገስ» ይሂዱ። በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ መርከቦች ስለነበሩ የካፒቴኑን ስም አብረው ይመዝግቡ፤ የሚለያቸው እሱ ነው። ከዚያ ሜልበርን የምትገኝበትን የቪክቶሪያ ግዛት የሕዝብ መዛግብት ይመልከቱ፤ በመንግሥት ድጋፍ የመጡት ከ1839 እስከ 1871፣ በራሳቸው ወጪ የመጡት ደግሞ ከ1852 ጀምሮ በስም ተመዝግበዋል። እዚያ ከሚያገኟቸው ብዙ ሞክሼዎች መካከል የእርስዎን ሰው የሚነግርዎ የመርከቡ ስም ነው። በብሪታንያ በኩል ግን አይድከሙ፤ የወጪ ተሳፋሪዎች መዝገብ በተከታታይ ተጠብቆ የሚገኘው ከ1890 ወዲህ ያለው ነው።

በተለይ የምመክርዎ መርከቡ ከገባ በኋላ ያሉትን የሁለት ሳምንት ጋዜጦች ገጽ በገጽ እንዲያነቡ ነው። ተሳፋሪዎች ካፒቴኑን ወይም የመርከቡን ሐኪም የሚያመሰግኑበትን ደብዳቤ ተፈራርመው በጋዜጣ የማሳተም ልማድ ነበራቸው፤ በመርከቦች ዜና በቁጥር ብቻ የታለፈ የታችኛው ክፍል ሰው አንዳንዴ ስሙ ተጽፎ የሚገኘው ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ነው።