በዋይድ ሌንስ ቤት ማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

የሚሸጥና የሚከራይ ቤት ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ ነው። አብዛኛው ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ከኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ። ስለ ዋይድ (ሰፊ እይታ ያለው) ሌንስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሰላም ወንድሜ። ያለኝ ካነን ክሮፕ ካሜራ ከነ 18-55 ሌንሱ ነው። ይበቃኛል ወይስ የግድ ዋይድ ልግዛ?

ለሰፊ ሳሎን ይበቃሃል። መኝታ ቤትና ኩሽና ላይ ግን ያስቸግርሃል። ክሮፕ ማለት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከትልቁ፣ ከፉል ፍሬሙ፣ ያነሰ ካሜራ ነው። የካነኑ እይታውን በ1.6 ያጠበዋል፤ ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትርህ በፉል ፍሬም ሲሰላ 29 ገደማ ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል)። ወደ ጎን የሚያየው 64 ዲግሪ ብቻ ነው። ጀርባህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ እንኳ አልጋውና ቁምሳጥኑ አብረው አይገቡልህም። ለክሮፕ የተሠራው 10-18 ግን 10 ላይ ሲሆን የፉል ፍሬም 16ን ያህል ያያል፣ 97 ዲግሪ ገደማ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከፉል ፍሬም ዋይዶች በብዙ ይቀንሳል። ያገለገለ ደህና ካገኘህ አትለፈው። ኤፍ 2.8 አይደለም፣ ብዙ ብርሃን አያስገባም ብለህ ደግሞ አትጨነቅ። ቤት አይሮጥም፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ኤፍ 8 አድርገህ ነው የምታነሳው።

ታዲያ ሌንሱ በሰፋ ቁጥር አይሻልም? 12 ሚሊ ሜትር አይቻለሁ፣ ቤቱን ሙሉ ያስገባል።

ያስገባል፤ ጣጣውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰው "ዋይድ ያጣምማል" ሲል ሁለት ነገር ነው የሚያደባልቀው።

አንደኛው የሌንሱ ጉድለት ነው። ቀጥ ያለው የኮርኒስ ጠርዝ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ይሄ ቀላል ነው፤ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ የሌንሱን ፕሮፋይል (ለዚያ ሌንስ የተዘጋጀውን ማረሚያ) ስታበራ ይቃናል።

ሁለተኛው ጉድለት አይደለም፣ የስፋቱ ዕዳ ነው። ሰፊ እይታ ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ ሲዘረጋ ጠርዝ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። በፉል ፍሬም 16 ላይ፣ ግራ ወይም ቀኝ ጫፍ ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ወርዱ የቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ይወጣል። 24 ላይ አንድ ከሩብ ይሆናል። 12 ላይ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ፕሮፋይሉ ይሄን አይነካውም።

ስለዚህ ጠርዝ ላይ ምን እንደሚገባ አንተ ምረጥ። ባዶ ግድግዳ ቢለጠጥ ማንም አያውቅብህም። ፍሪጅ ከሆነ ግን ቁምሳጥን አክሎ ይወጣል። የሶፋው ክንድ ጫፍ ላይ ከገባ ሶፋው ሳሎኑን ይውጠዋል። በቀደም አንዲት ባለቤት ቤቱ ሞቅ እንዲል ብላ ረከቦት ጥግ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሲኒዎቹ በሙሉ እንቁላል መስለው ወጡ። ረከቦቱን ወደ መሃል ስናመጣው ሲኒ ሆኑ።

እኔ አብዛኛውን የምሠራው በፉል ፍሬም ከ18 እስከ 24 ባለው ነው። 16 ለመታጠቢያ ቤትና ለጠባብ ኩሽና ነው። ከዚያ በታች የምወርደው መላው ሲጠፋ ነው። መጀመሪያ እግርህን ተጠቀም፦ በሩ ላይ ቁም፣ ኮሪደር ውጣ፣ በረንዳ ካለ ከበረንዳው ወደ ውስጥ አንሳ። የፊቱ ዕቃ ገዝፎ የኋላው የሚያንሰው ስለተጠጋህ ነው እንጂ ሌንሱ ስለሆነ አይደለም።

ግድግዳዎቼ ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ። ምን እያጠፋሁ ነው?

ካሜራሽን ወይ ቀና ወይ ዝቅ አድርገሽዋል። ዋይድ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። ቀና ስታደርጊው ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ይጠባሉ፣ ስታጎነብሺው ወደ ታች። ካሜራው ውስጥ ያለውን ሌቭል (ውሃ ልክ) አብሪና ቀጥ አድርጊው። ከፍታው ደረት አካባቢ፣ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ይሁን። ኩሽና ላይ ትንሽ ከፍ በዪ፣ የጠረጴዛው ገጽ እንዲታይ። ኮርኒሱ በዛ ብለሽ ካሜራውን አታጎንብሺ፤ ትራይፖዱን ዝቅ አድርጊው ወይም በኋላ ቁረጪው። ካነን ለዚሁ የሠራቸው የ17 እና የ24 ቲልት-ሺፍት ሌንሶች አሉ፣ ካሜራው ሳይዘነብል እይታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትቱ፤ ግሩም ናቸው፣ ለኪራይ ቤት ማስታወቂያ ግን ቅንጦት ናቸው።

ልጄ፣ የማከራየው ቤት አለኝ። ካሜራ የለኝም፤ ልጆቼ የላኩልኝ አይፎን ነው ያለኝ። 0.5 የሚለው ላይ ላንሳ?

እማማ፣ በደንብ ይሆንልዎታል። 0.5 በካሜራ ሲሰላ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ ለጠባቡ ክፍል ብቻ ይጠቀሙበት፣ ካነሡም በኋላ ጠርዞቹን ትንሽ ይቁረጡ። ሳሎኑን በ1 ያንሡት። ስልኩን አግድም ይያዙ፣ ደረትዎ ላይ ያድርጉት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አያዘንብሉት። መጋረጃውን ይክፈቱ። ጄሪካኑና ባልዲው ከፎቶው ይውጡ፤ ዋይድ የረሱትን ሁሉ ያሳይብዎታል።

እኔ ደላላ ነኝ። ባለቤቶቹ "ሰፋ አድርገህ አሳይልን" ይላሉ። ምን ችግር አለው?

ችግሩ አንተው ላይ ይመጣል። ደንበኛው ከአያት ሰፈር ተነሥቶ ሳር ቤት ሰፈር ድረስ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ "ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። አለቀ። ሁለተኛ ቤት ብታሳየውም አያምንህም። እኔ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰፊ ፎቶ አነሣለሁ፤ በሩ የት፣ መስኮቱ የት እንደሆነ የሚያሳይ። ሌሎቹን በ24 ወይም በ35 አነሣለሁ። ካሬውን በጽሑፍ አስቀምጥ፤ የጋራ ኮሪደርና ደረጃ ተደምሮበት ከሆነም እሱኑ ጻፍ። ኤዲት ላይ ፎቶውን ወደ ጎን መጎተት ግን ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

መስኮቱ ነጭ ብሎ ይጠፋል። ለመስኮቱ ሳስተካክል ክፍሉ ይጨልማል።

ዋይድ መስኮቱንም ጨለማውን ጥግም አብሮ ስለሚያስገባ ነው። ትራይፖድ ላይ ሦስት አንሳ፦ አንዱ ልክ፣ አንዱ ሁለት ስቶፕ የጨለመ፣ አንዱ ሁለት ስቶፕ የበራ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ከዚያ አዋህዳቸው። አታብዛው እንጂ፤ መስኮቱ ዙሪያ ጭጋግ ካየህ አልፈኸዋል። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ሰዓት መሄድ ደግሞ ግማሹን ሥራ ይቀንስልሃል።

የኤልኢዲ አምፖል ሲበራ ፎቶዬ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል።

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የሹተርህን ፍጥነት 1/100 ሰከንድ፣ 1/50 ወይም ከዚያ የዘገየ አድርገው፣ ኤሌክትሮኒክ ሹተሩንም አጥፋ። ካልሆነ አምፖሉን አጥፍተህ በመስኮቱ ብርሃን ሥራ።

መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ እኔው እወጣለሁ!

በሩ ላይ ወደ ጎን ቁሚ፣ ታይመር አድርጊና ውጪ።

ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እህቴ አዲስ አበባ አፓርታማ እያየችልኝ ነው። የሚላክልኝ ፎቶ የተለጠጠ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጠርዝ ላይ ያሉትን ክብ ነገሮች እይ፤ አምፖሉ ወይም ሳህኑ ሞላላ ከሆነ ሌንሱ በጣም ሰፊ ነው። ከዚያ ወለሉን ቁጠር። ሴራሚኩ 60 በ60 ከሆነ አምስት ረድፍ 3 ሜትር ነው፤ ሴራሚኩ ቢለጠጥም ቁጥሩ አይጨምርም። መጠኑን ደላላውን ጠይቀው። ከበር እስከ በር ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቪዲዮም አስልክ። እህትህ ደግሞ ሜትር ይዛ ትሂድና የዋናውን መኝታ ቤት ወርድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትለካው። ቁምሳጥኑ ግድግዳው ውስጥ ካልተሠራ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንስለት፤ አልጋህ ይገባ እንደሆነ የምታውቀው በቀረው ነው።