የተሰበረ ሰም፣ ያልተከፈተ በር

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በክረምቱ ዕረፍት የእህቴ ልጅ በላፕቶፑ የጫነውን ማሺናሪየም የተባለ ጌም አሳየኝና፣ ለአፍታ ልየው ብዬ ተቀምጬ ሦስት ሌሊት አመሸሁበት። ኋላ ስለዚሁ ጌም የተጻፉ አስተያየቶችን ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ተቺ የሥዕልና የሙዚቃ ድንቅ ነው ሲል፣ ሌላው እንቆቅልሾቹ ሰውን ከማድከም በቀር ፋይዳ እንደሌላቸው፣ ታሪኩም ውኃ እንደማይቋጥር ይጽፋል። እንዲህ ያለ ህልም መሰል ጌም በምን ይመዘናል? የትኛውንስ ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ተቺዎች ስለ አንድ ጌም ቢጽፉም የሚናገሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ጌሙ ዓለም ሲሆን ሁለተኛው ስለ ቁልፉ፣ ማለትም ስለ እንቆቅልሾቹ ነው። ስለዚህ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ አያስፈልግዎትም።

ማሺናሪየምን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አማኒታ ዲዛይን የተባለው የቼክ ስቱዲዮ ነው። መሥራቹ ያኩብ ድቮርስኪ ቀደም ብሎ፣ በ2003፣ ፕራግ ውስጥ ተማሪ ሳለ ለመመረቂያው ሳሞሮስት የተባለውን አጭር ጌም ሠርቶ ነበር፤ እሱም የድንጋይ ሽበትን፣ የዛፍ ሥርንና የግንድ ቅርፊትን ፎቶግራፍ ቀጣጥሎ በጠፈር የሚንሳፈፉ መንደሮችን ያሳየበት ነው። ሁለቱም የሚመደቡበት፣ በማውስ እያመለከቱ በመጫን የሚሄደው፣ ፖይንት ኤንድ ክሊክ የሚባለው የጀብዱ ጌም ዓይነት ከተጫዋቹ የሚጠይቀው ማውስ፣ ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነው። ተኩስ የለበትም፣ እሽቅድምድምም የለበትም። የሚቀረው ማየትና ማሰብ በመሆኑ፣ ማሰቡ ከተበላሸ ሥዕሉ የቱን ያህል ቢያምር ጌሙ ይዝላል።

ሦስት ሌሊት ካመሹበት መግቢያው ላይ ያለውን ድልድይ ያስታውሱታል። ከቆሻሻ ክምር ላይ ተበታትኖ የተጣለው ትንሹ ሮቦት አካሉን ለቃቅሞ ከገጣጠመ በኋላ ወደ ከተማው ሊገባ ሲል፣ ዘበኛው ድልድዩን አላወርድም ይለዋል። ዘበኞቹ ጫፉ ላይ አምፖል የሚበራበት ሾጣጣ ሰማያዊ ቆብ አድርገዋል። ተጫዋቹ ይህን ልብ ካለ የመንገድ ምልክት የሆነውን ሾጣጣ ያነሣል፤ ሰማያዊ ቀለም ያስነክረዋል፤ አምፖል ይተክልበታል፤ ሮቦቱን ቆቡን አልብሶ ቁመቱን ይስበዋል፤ ድልድዩም ይወርዳል። ሮቦት ዘበኛ፣ ሮቦት ከተማ፣ ሾጣጣ ቆብ፦ ነገሩ ሁሉ ህልም ነው። መፍትሔው ግን የተንኮለኛ ልጅ እንጂ የህልመኛ አይደለም። ካገኙት በኋላ «ለካስ ይሄ ነበር!» ያሰኛል።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ገብርኤል ናይት ከተባለው ተከታታይ የጀብዱ ጌም ሦስተኛ ክፍል ጋር ያስተያዩት። ያ ጌም ህልም መሰል አይደለም፤ ታሪኩ የሚካሄደው በእውነተኛ የፈረንሳይ መንደር ውስጥ ነው። ጀግናው ሞተር ብስክሌት ለመከራየት የጓደኛውን መታወቂያ ይዞ ጓደኛውን መምሰል አለበት። ተጫዋቹም የድመት ፀጉር በሙጫማ ወረቀት ይሰበስባል፤ ፀጉሩን በሽሮፕ ለጥፎ ጢም ይሠራል። የሚገርመው ጓደኛው ጢም የሌለው ሰው መሆኑ ነው! ስለዚህ መታወቂያው ላይ ባለው ፎቶግራፍ ጭምር ጢም መሣል ግድ ይሆናል። ይህ የድመት ጢም የጀብዱ ጌሞች ውድቀት ምሳሌ እየሆነ ዛሬም ይጠቀሳል። ሁለቱም እንቆቅልሾች ስለ መመሳሰል ናቸው፤ የነቀፋው መዓት የወረደው ግን ህልም በሚመስለው ላይ ሳይሆን እውነተኛውን ዓለም በሚመስለው ላይ ነው። «ህልም መሰል ስለሆነ ትርጉም የለውም» የሚል ተቺ ሲያጋጥምዎ ይህን ያስታውሱ።

በዋሸራና በጎንጅ አገር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ልጅ ሳለሁ የቅኔ ተማሪዎች ለቆጠራ ወደ ሜዳ ወጥተው ድርባቸውን ተከናንበው ሲያሰላስሉ አያቸው ነበር፤ ማታም ቅኔያቸውን የኔታ ፊት ሲያቀርቡ ጥጉ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። የኔታ ሰሙ ምንም ያህል ቢያስገርም አይቆጡም፤ እንስሳ ይናገር፣ ተራራ ይሂድ፣ ግድ የላቸውም። ፊታቸው የሚጠቁረው ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር፣ ኅብሩን፣ ሁለት ትርጉም ያዘለውን ቃል፣ ፈልቅቀው ሲያዩት ከውስጡ ምንም ሳይወጣ ሲቀር ነው። የጌም እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ዓለሙ ከልማድ በራቀ ቁጥር የእንቆቅልሹ ሕግ መጥበቅ አለበት፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ከቤቱ ይዞት የመጣው ልማድ እዚያ አያገለግለውም፤ የሚመራው ጌሙ ራሱ ያሳየው ነገር ብቻ ነው።

በዚህ ሚዛን ነቃፊው ተቺ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። መጠጥ ቤት ውስጥ ከሚቀመጠው ሮቦት ጋር አምስት መጫወቻ በተርታ መደርደር የግድ የሚሆንበት ጨዋታ ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ክር ቀጭን ነው፤ ጥሩ ገበጣ ተጫዋች ሊወደው ይችላል፣ እኔን ግን ከከተማው አስወጥቶ ሌላ ቤት አስገባኝ። ሮቦቱ እጁ በሚደርስበት ያለውን ብቻ መንካቱም አከራክሯል። አዝጋሚ ነው ያሉት አልተሳሳቱም፤ ቢሆንም ስክሪኑን ሁሉ በጭፍን እየጫኑ ከመፈለግ ስለሚያድን እኔ እደግፈዋለሁ። በጭፍን መጫን ይበልጥ የሚያስቸግረው በሳሞሮስት ነው፤ አንዳንድ ቦታ መፍትሔው የሚገኘው በማሰብ ሳይሆን ሁሉን በመነካካት ነው። ታሪኩ ውኃ አይቋጥርም የሚለውን ግን አልቀበልም። የሮቦቱ ትዝታ ከጭንቅላቱ በላይ በሚታይ ክብ ውስጥ በሥዕል ሲሳል፣ ጉልበተኞቹ ምን እንዳደረሱበትና ከማን እንደለዩት አንድ ቃል ሳይነገር ይገባል።

ስለ ፍንጩም ጥቂት ልበል። ጌሙ በየስክሪኑ አንድ አጭር ፍንጭ ይሰጣል። ሙሉውን መፍትሔ የያዘውን መጽሐፍ ለመክፈት ግን ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ ትንሽ የተኩስ ጨዋታ መጨረስ ግድ ይላል። አንዳንዶች ይህን እንደ ቅጣት ቆጥረውታል። በእኛ ቤት እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው መልሱ በነጻ ተነግሮት ያውቃል? «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎጃምን ያህል አገር ሰጥቶ፣ ጠያቂው አገሩን ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ሲሳለቅ ታግሦ ነው መልሱን የሚሰማው። ቼኮቹ ይህን ከማን እንደተማሩት እንጃ እንጂ ልማዱ የእኛው ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም። እንዲህ ያሉ ጌሞችን መጫወት እችላለሁ? ወይስ ያልገባኝን ነገር መጥፎ ነው እያልኩ እሳሳታለሁ?

መልስ፦ ማሺናሪየምም ሳሞሮስትም ያለ ንግግር የሚሄዱ ስለሆኑ ከማንም እኩል ይጫወቷቸዋል። ስጋትዎ ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው፣ መንኪ አይላንድ በተባለው የጀብዱ ጌም ሁለተኛ ክፍል፣ የውኃ መዝጊያ ለማዞር ተጫዋቹ የደነዘዘ ጦጣ እንደ መፍቻ ቁልፍ መጠቀም አለበት። በአሜሪካኖች እንግሊዝኛ ያ መፍቻ በጦጣ ስም ይጠራል፤ ቀልዱ ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ ተጫዋቾች እንኳ መሣሪያውን በዚያ ስም ስለማይጠሩት ግራ ተጋብተዋል። ከፍኖተ ሰላም ሆነው ያን ስክሪን ማለፍ ቢያቅትዎ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሳይቸገሩ መፍትሔውን ፈልገው ያንብቡና ወደሚቀጥለው ይለፉ።