የጎጃም ደመወዝ ከአገር አቀፉ ያንሳል? የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቼ

ማርቆስ ነኝ። ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ ከፔሮል (ከደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ጋር ነው የኖርኩት። ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። ሁሉንም መመለስ አልችልም። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባው ያነሰ ይከፈለዋል እንዴ?

በመነሻ ደመወዝ አያንስም። ስኬሉ አንድ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪው ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ከፍ ብሏል። ደጀን ብትቀጠርም ቦሌ ብትቀጠርም ያው ነው። ከ11,500ው ላይ ግብር 2,100፣ ጡረታ 7 በመቶ ማለትም 805 ይቆረጥና እጅህ ላይ 8,595 ይገባል።

ልዩነቱ ከፔሮሉ ውጭ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ማታ ማታ የሁለት ሱቅ መዝገብ ይይዛል። እዚህ ያን ያህል ሱቅ የለም፣ ያለውም ሒሳቡን በቃሉ ነው የሚይዘው። በሌላ በኩል የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጤፉ ከእናቱ ቤት ይመጣለታል። አንድ ኩንታል ጤፍ ዛሬ ስንት እንደሆነ አስቡትና ደመወዙ ላይ ደምሩት። የትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

ጥያቄ፦ ዝም ብለህ አማካዩን ንገረን። አንድ ቁጥር!

አንድ ቁጥር ብሰጣችሁ እናንተን ማታለል ነው። አሥር ሰው አንድ ሻይ ቤት ተቀምጧል እንበል። ዘጠኙ 5,000፣ አንዱ 55,000 ያገኛሉ። አማካዩ 10,000 ይወጣል። ግን እዚያ ቤት 10,000 የሚያገኝ አንድም ሰው የለም! የባንክ፣ የአየር መንገድና የድርጅት ደመወዝ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ የአገሩን አማካይ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከወላይታ ወይ ከወለጋ ጋር ብትነጻጸሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የገጠር ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው ይባላል። መንደራችን ውስጥ ግን ወጣቱ በሙሉ ተቀምጧል። ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም፣ አቆጣጠሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ጥቂት ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይመዘገባል። የአባቱን በሬ ጠምዶ ያለ ክፍያ የዋለውም ጭምር። መሬት የሌለው ልጅ ሐምሌ ላይ ሲያርም ብትጠይቀው «እሠራለሁ» ይልሃል፤ የካቲት ላይ ብትጠይቀው አጥር ተደግፎ ታገኘዋለህ። የጎጃም ችግር የሥራ ማጣት ሳይሆን የወራት ማጣት ነው እላለሁ። ቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር ገደማ በመስኖ ይለማል፣ መራዊ አካባቢ በጋውን ሥራ የሚገኘው ለዚያ ነው። ወደ አዊ ብትሄዱ ደግሞ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፣ እሱም ዝናብ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ ማርቆስ፣ የእኔ ልጅ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። እኛው ጋ ጤፍ እያለ ለምን ይሄዳል? (አንድ አባት ከቢቸና)

አባቴ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ባለሀብቱ ይጨነቃል፣ ሠራተኛ ይሻማል፣ ዋጋው በጥቂት ቀን ውስጥ ይንራል። የእኛ ጤፍ የሚታጨደው በአብዛኛው ኅዳር ላይ ስለሆነ ብልጥ ልጅ ሁለቱንም ይደርስበታል። እዚህ ደግሞ ብዙው በወንፈልና በደቦ ይሠራል፣ ብር አይወጣበትም።

የቀን ሥራ ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ነገር አትርሱ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አካፋውን አቁሞ የሚጠብቀውን ልጅ ልብ ብላችሁ ስሙት። ከብሩ በፊት የሚጠይቀው «ከነቀለቡ ነው?» ብሎ ነው። ቁርስና ምሳ ካለበት ዋጋ ይቀንሳል፣ ከሌለበት ይጨምራል። የእኛን ከነቀለቡ ከአዲስ አበባው ደረቅ ብር ጋር ካነጻጸራችሁ ተሳስታችኋል። እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) የቀን ሠራተኛ ተመን ሳወጣ ይህን ዘንግቼ፣ በማግስቱ ከሃያው ሰው የመጡት ሦስት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆቴል ነው የምሠራው፣ 4,160 ብር። ፋሲካን ስምንት ሰዓት ሠርቼ በእጥፍ እንኳ አልከፈሉኝም።

እህቴ፣ ሥራው በትርፍ ሰዓት የሚቆጠር ከሆነ ሕጉ ከእጥፍም በላይ ነው የሚለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ የበዓል ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ይባዛል። ወሩን በ26 ቀን፣ ቀኑን በ8 ሰዓት ስታካፍይው ሰዓትሽ 20 ብር ነው። ስለዚህ ስምንቱ ሰዓት በሁለት ተኩል ሲባዛ 400 ብር።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ የለም ወይ?

ለግል ድርጅት የለም። አዋጁ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ የተወሰነ ወለል ግን የለም።

ጥያቄ፦ በዲግሪ ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብያለሁ። ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ እስኪገኝ ልጠብቅ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?

የቡሬው ፓርክ በ2013 ሲመረቅ እኔም ብዙ ጠብቄ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ግጭቱ መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃውም ባለሀብቱም ያመነታል፣ ስለዚህ ቀን ቆርጬ አልነግርህም። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። አዲስ አበባ 11,500 ብታገኝ፣ ከ8,595ቱ ላይ የአንድ ክፍል ኪራይና ታክሲ ቀንስ። የቀረውን እዚያው ፍኖተ ሰላም እናትህ ቤት ሆነህ በግማሹ ደመወዝ ከሚተርፍህ ጋር አስተያይ። እዚያ የሚያስጠጋህ ዘመድ አለህ? መልስህን ላክልኝና እንቀጥላለን።