ሽንት ሲያቃጥል የሚወሰድ መድኃኒት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ጎረቤቶች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እንደምሠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። «ዶክተር» ትሉኛላችሁ፣ እኔ ግን ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቅርቡ አንዲት እናት ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ነጭ ፍሬዎች ይዘው መጡ። እሽጉ በመቀስ ስለተቆረጠ የስሙ ግማሽ የለም። «ጎረቤቴ በዚህ ነው የዳነችው፣ ይሄንኑ ስጪኝ» አሉኝ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ስጠይቃቸው ከቦርሳቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ አወጡ፣ ለልብ ቫልቭ የታዘዘላቸው። ነጩ ፍሬ ኮትሪሞክሳዞል ነበር፣ ባክትሪም የምንለው ሱልፋ ያለበት ፀረ ባክቴሪያ። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደም ከልክ በላይ ይቀጥንና መድማት ይመጣል። ጎረቤትየዋን ያዳናት መድኃኒት እሳቸውን ሊገድላቸው ይችል ነበር። ስለዚህ «ለምን ትጠይቂናለሽ፣ ዝም ብለሽ ሽጪልን» የምትሉኝ፣ እባካችሁ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ዓመት ለሽንት ከታዘዘልኝ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የተረፉ 4 ፍሬዎች አሉኝ። አሁን ደግሞ ያቃጥለኛል፣ ልጀምራቸው?

አይሆንም እህቴ። ያኔ የያዘሽ ባክቴሪያና የአሁኑ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንድ ቢሆኑም እንኳ መድኃኒቱን ተላምዶት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መድኃኒቱን ጀምረሽ ሽንትሽን ብታስመረምሪ ከልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ያኔ ሐኪሙ በግምት ነው የሚሄደው። ሽንት መጀመሪያ ይሰጣል፣ መድኃኒት ቀጥሎ ነው። ስትሰጪም የመጀመሪያውን ትንሽ አፍስሺና የመሃሉን ያዢ።

ስለ ሲፕሮ ደግሞ እዚሁ ልጨርስ፣ ምክንያቱም ሰፈራችን ውስጥ እንደ ከረሜላ ነው የሚበላው። ጅማት ሊያሳብጥ አልፎም ሊበጥስ ይችላል፣ በተለይ ተረከዝ ላይ ያለውን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ሌላ አማራጭ እያለ እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚህና በነርቭ ላይ በሚያመጣው ጉዳት የተነሳ ነው። ለስኳር ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ ሰዎች ሲፕሮ ስኳራችሁን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። በወተት ወይም በእርጎ አትዋጡት። የደም ማነስ አይረን፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ ሲፕሮውን ከነሱ 2 ሰዓት አስቀድሙት፣ ወይም ከወሰዳችኋቸው 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዋጡት። አለበለዚያ ሆድ ውስጥ ተያይዘው ይወጣሉ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በበቂ አይገባም።

ናይትሮፉራንቶይን የሚባል የሽንት መድኃኒት ታዞልኝ ጀመርኩ። ሽንቴ ሻይ መሰለ! ደም ነው እንዴ?

አይዞሽ፣ ደም አይደለም። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ስትጨርሺ ይጠፋል። ይህን ሳይነገራቸው ደንግጠው መድኃኒቱን ሽንት ቤት የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኛ የባለሙያዎቹ ነው፣ መናገር ነበረብን። ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል፣ ሰውነትሽም በደንብ ይቀበለዋል።

ይህ መድኃኒት ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ለፊኛ ጎበዝ የሆነው ለዚህ ነው። ኩላሊት ሥጋው ውስጥ ግን በበቂ አይደርስም። ስለዚህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን በታች ጀርባ ላይ ሕመም ወይም ማስመለስ ካለ ነገሩ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ እኔ ጋ አትምጪ፣ ሆስፒታል ሂጂ። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም አይንካው።

በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ላቁመው?

የታዘዘልሽን ጨርሺ። ማቃጠሉ የሚጠፋው ባክቴሪያው ሁሉ ሳይሞት ነው። ደግሞም ረጅም አይደለም፣ ለሴት ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይን ብዙ ጊዜ 5 ቀን ነው። «ለማንኛውም» ብለሽ ከራስሽ 10 ቀን አታድርጊውም። በ48 ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ተመለሺ፣ ከልቸር ያስፈልግሻል።

የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አላመመኝም፣ ጤና ጣቢያ ግን ሽንትሽ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ እሷንም ባክቴሪያ አለብሽ ብለው ምንም አልሰጧትም። ማን ነው የተሳሳተው?

ማንም አልተሳሳተም። ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት። እርግዝና ላይ ሳያም ዝም ብሎ የተቀመጠ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ልጁም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ይታከማል፣ ያንቺን ውሰጂ። እናትሽ ግን ካላቃጠላት፣ ካላጣደፋት፣ ትኩሳት ከሌላት መድኃኒት አይጠቅማትም፣ ያንኑ ባክቴሪያ ማለማመድ ብቻ ነው ትርፉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ላንቺ ደግሞ፦ ናይትሮፉራንቶይን መውለጃ ሲቃረብ አይወሰድም፣ ኮትሪሞክሳዞል በመጀመሪያዎቹ ወራትና በመጨረሻው፣ ሲፕሮ ደግሞ በእርግዝና ላይ ሌላ አማራጭ እያለ አይሰጥም። የትም ብትሄጂ «እርጉዝ ነኝ» በይ፣ ሆድሽ ገና ሳይታይም።

ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። መድኃኒቱን እንዴት ልውሰድ?

የንስሐ አባትሽን ለእነዚህ 5 ቀናት አማክሪ፣ ለታመመ ሰው እንደሚፈቅዱ ታውቂያለሽ። ረመዳን ላይ ለጠየቃችሁኝ፦ በቀን 2 ጊዜ የሚወሰድ ዓይነት እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ፣ አንዱን በኢፍጣር አንዱን በሱሁር። በቀን 4 ጊዜ የሚወሰደው አይሆንላችሁም።

የመጣብኝ ብርድ ላይ ተቀምጬ ነው ይሉኛል። የገብስ ውሃስ ያድናል?

ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባል አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ሴት ልጅ ላይ የሽንት መውጫው መንገድ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይገባል። ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ሽንት መያዝ ያግዙታል። እዚህ ከተማው ዳር ላይ የምንኖር ሴቶች የታክሲ ሰልፉና መንገዱ ተደምሮ መሃል ከተማ እስክንደርስ ስንት ሰዓት ሽንት እንደምንይዝ እኔም አውቀዋለሁ፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለምና ውሃም ሳንጠጣ ነው የምንወጣው። የገብስ ውሃ ፈሳሽ ስለሆነ ጠጪው፣ ጥሩ ነው። መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ወንድ ነኝ። ያቃጥለኛል፣ ጫፉ ላይ ፈሳሽም አለ። ፍላጅል ልውሰድ?

ወንድሜ፣ ፍላጅል የተለመደውን የሽንት ባክቴሪያ አይነካም። ፈሳሽ ካለ ደግሞ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ የትዳር ጓደኛህም አብራ ትታከማለች። አትፈር፣ ጤና ጣቢያ ሂድ።

የወሊድ መከላከያ ክኒን ያከሽፋል?

የሽንት መድኃኒቶቹ አያከሽፉም። የሚያከሽፈው ሪፋምፒሲን ነው፣ የቲቢው። ከክኒኑ በኋላ ቶሎ ካስመለሰሽ ግን እንዳልዋጥሽው ቁጠሪው።

ባክትሪም ከጀመርኩ 6 ቀኔ ነው። ትናንት ቆዳዬ ሽፍ አለ፣ ዛሬ አፌ ውስጥ ቆስሏል፣ ዓይኔም ቀልቷል። ልጨርሰው?

ይህን መጨረሻ ላይ በማየቴ በጣም አዝናለሁ። አትጨርሺው! አሁኑኑ አቁሚ፣ ነገ ጠዋት አትበይ፣ ዛሬ ሌሊቱን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቆዳን የሚልጥ ከባድ የሱልፋ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ብቻሽን አትሂጂ። እሽጉን ይዘሽ ሂጂና አሳዪያቸው፣ ካርድሽ ላይም በትልቁ ይጻፉልሽ። በግል መልእክት ስልኬን ልኬልሻለሁ፣ መኪና ካጣሽ ደውዪልኝ።