መልስ፦ ዊንዶውስ 11 ከጫንኩ በኋላ ዋይፋይ ይቆራረጣል፣ ወደ 10 ልመልሰው?

ወንድሜ፣ ፒያሳ ቢሮህ ስልክህ በዚያው ዋይፋይ ሰላም ከሆነ ራውተሩን አትውቀሰው። እኔ የምጠረጥረው ድራይቨሩን፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ግባ፤ ኔትወርክ አዳፕተርስ ሥር የዋይፋይ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ክፈትና «ሮል ባክ ድራይቨር»ን (ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰውን ቁልፍ) ተጫን። ቁልፉ ደብዝዞ እምቢ ካለህ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ኢንተርኔት አጋራው፤ ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ድራይቨሩን አውርድ።

አሁንም ካስቸገረህ ወደ ዊንዶውስ 10 የምትመለሰው እንዲህ ነው፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ «ጎ ባክ»። የሚሠራው ግን ከጫንክ በ10 ቀን ውስጥ ነው። የድሮው ዊንዶውስ የተቀመጠበትን ዊንዶውስ ኦልድ (Windows.old) የሚባለውን ፎልደር ቦታ ያዘብኝ ብለህ አጥፍተኸው ከሆነማ አለቀ! የግል ፋይሎችህ አይነኩም፤ በኋላ የጫንካቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ጣጣ ነው፤ ባትሪውን ሞልተህ ጀምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ እኔ ብሆን ወደ እሱ የምመለሰው ሌላው ሁሉ አልሆን ሲለኝ ነው።