የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ናሙናው ከዋርድ ወጥቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ

ጥያቄ፦ የምሠራው በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኝ ባለ ሰባት ፎቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከዋርዶች የሚላኩልን ናሙናዎች ይዘገያሉ፤ ጭራሽ ሳይደርሱ የሚቀሩም አሉ። ነርሶቹ «ልከናል» ይላሉ፣ እኛ «አልደረሰንም» እንላለን፣ በመጨረሻ ሕመምተኛው እንደገና ደም ይቀዳል። ከሁለቱ ሊፍቶች አንደኛው ብዙ ጊዜ ቆሞ ይውላል። አስተዳደሩ ናሙናና መድኃኒት በአየር ግፊት የሚያመላልስ የቱቦ መስመር ለማስገባት እያሰበ ነው። ይህ ችግራችንን ይፈታዋል?
(የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከልደታ)

መልስ፦ በከፊል ሊፈታው ይችላል፤ ነገር ግን ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው ሆስፒታልዎ በመጀመሪያ የጎደለው ርክክብ ነው። ናሙናው ከማን እጅ ወጥቶ በማን እጅ እንደገባ የሚያሳይ ፊርማና ሰዓት እስካልተመዘገበ ድረስ፣ ዛሬ ኮሪደር ላይ የሚጠፋው ናሙና ነገ በቱቦው መድረሻ ላይ ማንም ሳያነሣው ይውላል።

አንድ የደም ናሙና የሚያልፍበትን መንገድ ያስቡት፦ ይታዘዛል፣ ይቀዳል፣ ስምና ካርድ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ተላላኪው ያነሣዋል፣ በላቦራቶሪው መስኮት ይረከቡታል፣ በመዝገብ ይገባል። በእነዚህ ስድስት ደረጃዎች እያንዳንዱ ከመቶ 95ቱን ያለ እንከን ቢሠራ፣ ስድስቱንም በሰላም የሚያልፈው ናሙና ከመቶ 74 እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ደረጃ ወደ 99 ቢያድግ ግን 94 ይደርሳል። ሁሉም ክፍል የየራሱን ድርሻ እያየ ደህና እየሠራሁ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምነውና የሆስፒታሉ ጠቅላላ ውጤት ግን የሚያሳፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ክርክር ብዙ ርቀት አይወስዳችሁም።

ከግዢው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል አራት ሰዓቶችን መዝግቡ፦ ናሙናው የተቀዳበትን፣ ከዋርዱ የወጣበትን፣ መስኮቱ ላይ የደረሰበትንና በመዝገብ የገባበትን። እዚህ ላይ በእኛ ሀገር የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «3 ሰዓት» ብላ ስትጽፍ፣ የምርመራ መሣሪያው 21፡00 ብሎ ያትማል፤ ሁለቱ ሳይለዩ በአንድ ሠንጠረዥ ከገቡ የስድስት ሰዓት መዘግየት ከየትም ይፈጠራል፣ ወይም ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት የደረሰ ይመስላል። አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ በሁሉም ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም።

መዝገቡ ሲጠናቀቅ አብዛኛው ጊዜ የጠፋው በመንገድ ላይ ሳይሆን በዋርዱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ሰባት ፎቅ በደረጃ መውረድ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ጠዋት ዶክተሮች ዙር ሲዞሩ የታዘዘው ሁሉ «ተሰብስቦ አንድ ላይ ይሄዳል» ተብሎ መቀመጡ ግን ሰዓት ይበላል። ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ እናንተ መስኮት ላይ ይወርዳል። ለዚህ ተላላኪ ተጠርቶ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የታወቀ ሰዓት ያለው የማያቋርጥ ዙር፣ ለምሳሌ በየግማሽ ሰዓቱ፣ የተሻለ ነው፤ ነርሷ መቼ እንደሚመጣ ካወቀች ናሙናውን ለአስታማሚ አትሰጥም።

ዙሩን የማይጠብቁ ናሙናዎች አሉ፤ እነዚህ ተለይተው በቀይ ከረጢት ወዲያውኑ ይሂዱ። ከጀርባ አጥንት የሚቀዳ ፈሳሽ ለባክቴሪያ ምርመራ ከተፈለገ ሳይዘገይ መድረስ አለበት፤ ፍሪጅ ውስጥም አይቀመጥም። ለደም ጋዝ ምርመራ (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚለካው) በፕላስቲክ ስሪንጅ የተቀዳ ደም በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የቆየ ደም ደግሞ ሴሎቹ ስኳሩን ስለሚጠቀሙበት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ስኳር ያጣል፤ ስኳሩ የጨመረበት ሰው ደህና መስሎ ይታያል፣ ጤነኛው ሕፃን ስኳሩ የወረደ መስሎ ይታከማል። ሽንት በሁለት ሰዓት ውስጥ የማይታይ ከሆነ ይቀዝቅዝ።

ካርድ ቁጥር ሳይኖረው ማንኛውም ናሙና ከዋርድ እንዳይወጣ ማድረግም ግድ ነው። ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ዋርድ ቢተኙ በእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ በኮምፒውተር ላይም አንዱ ጸሐፊ በ«ጸ»፣ ሌላው በ«ፀ» ከመዘገበው ስም አይገናኝም።

ሊፍቱን በተመለከተ፣ የሚሠራው አንዱ ጄኔሬተር ላይ መገናኘቱን አረጋግጡ። የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ምግብና አንሶላ ናሙና በሚበዛበት ሰዓት እንዳይጓጓዙ ማድረግ ይቻላል። በእጅ የሚያዝ ነገር ግን ሊፍት መጠበቅ የለበትም።

ወደ ቱቦው እንመለስ። ዕቃ የሚሸከመው ሲሊንደር በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሰባት ፎቅ ለእርሱ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። መብራት ሲጠፋ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ነፋሹ ሞተር ከጄኔሬተር፣ መቆጣጠሪያው ከባትሪ ጋር ካልተያያዘ መስመሩን የምታጡት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው። መለዋወጫውን ማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን እንደሚያደርስና ጠጋኙ አዲስ አበባ ውስጥ መኖሩን በውሉ አስገቡ። ባዶ ሲሊንደሮች ሁልጊዜ ላቦራቶሪ ላይ ስለሚከማቹ የሚመልሳቸው ሰው በስም ይመደብ። ከሁሉም በላይ፣ ከአንድ ሰው ሁለት ናሙና ቀድታችሁ አንዱን በእጅ፣ ሌላውን በቱቦ ላኩና ፖታሲየሙን አነጻጽሩ። ፍጥነቱና መናወጡ ቀይ የደም ሴሎችን ካፈረሰ፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ስለሚፈስስ ልኩ ያለ አግባብ ይጨምራል፤ ይህን ፈተና ሳያደርግ መስመር የሚያስረክብ ሻጭ ክፍያውን ባያገኝ ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ወንድሜን ሳስታምም፣ ሌሊት ላይ ከሆስፒታሉ ደም ባንክ ደም ተቀብዬ ወደ ዋርዱ እንዳመጣ ተነገረኝ። ትክክል ነው?
(አስታማሚ)

መልስ፦ አይደለም። የቀይ ደም ሴል ከረጢት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ነው፤ ከቅዝቃዜው ከወጣ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ በተለመደው ደንብ ወደ ደም ባንክ አይመለስም፣ ከወጣ በኋላም በአራት ሰዓት ውስጥ ተሰጥቶ ማለቅ አለበት። ቤተሰብ ይህን እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ በከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥርና የደም ዓይነት ከወረቀቱ ጋር ማመሳከርም የባለሙያ ሥራ ነው። ችግሩ በአብዛኛው የሚከሰተው ማታ ተላላኪ ሳይመደብ ሲቀር ነው፤ ሆስፒታሎች በሌሊት በአስታማሚ የተሸከሙትን ሥራ ቢቆጥሩ፣ የጎደለባቸውን የሰው ብዛት ያገኙታል።

እንደገና ከተጠየቁ ተረኛ ኃላፊውን በትሕትና «ሠራተኛ አብሮኝ ይሂድ» ይበሉ። ማንም ካልተገኘና ወንድምዎ አስቸኳይ ደም የሚያስፈልገው ከሆነ ግን ከረጢቱን በማቀዝቀዣ ሳጥን እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፣ የወጣበትን ሰዓት በወረቀቱ ላይ ያስጽፉ፣ የትም ሳይቆሙ ወስደው ከነርሷ ጋር በፊርማ ይረካከቡ።